የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ማን ያድሰው?

ትምህርት ቤት ሲሠራ ሁሉም ይመጣል። አንዱ እንጨት ይቆርጣል፤ ሌላው ድንጋይ ያቀርባል፤ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ። በምረቃው ቀን ጠላ ይጠመቃል። ጥቂት ክረምቶች አልፈው ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ግን ማንም የለም። ለመሥራት እናዋጣለን፤ ለማደሻው ገንዘብ ከየት ይምጣ?

ለትምህርት ተብሎ ለብቻው ግብር መክፈል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ታወጀ። የሚከፈለው በመሬት ላይ ነበር፤ ገንዘቡም በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን ከፋዩ የገጠር ሰው ሆኖ ሳለ ትምህርት ቤቶቹ በብዛት የተሠሩት በከተማ ነበር። ባለመሬቱ ግብሩን ያዞረበት ጭሰኛማ፣ ልጁ ፊደል ሳይቆጥር ከፈለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር መጣ።

ዛሬም ገበሬው ይህንኑ ይከፍላል። ገንዘቡ ከሌላው ገቢ ጋር ወደ አንድ ካዝና ይገባል። ወረዳው ለትምህርት ከሚያወጣው አብዛኛው ደመወዝ ነው። ደመወዙ ይቅር አንልም፤ መምህር የሌለበት ቤት ባዶ ቤት ነው። ታዲያ ለሚስማር የሚተርፈው ስንት ነው?

ጥገና ሲቆይ ይብሳል። አንድ የቆርቆሮ ሚስማር ሲላላ ውሃ ጠብ ይላል። ጠብታው ወራጁን ያበሰብሰዋል። ወራጁ ሲበሰብስ ቆርቆሮው ይላላል፤ ከዚያ ነፋስ ይገነጥለዋል። አሸንዳ ከሌለ ደግሞ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ የግድግዳውን እግር ይበላዋል፤ እርጥበቱን ተከትሎ ምስጥ ይገባል። በአንድ እፍኝ ሚስማር ያልቅ የነበረው ሥራ ሙሉ ክፍል እንደገና ማቆም ይሆናል። ያን ጊዜ ልጆቹ ዛፍ ሥር ይማራሉ።

እስቲ እናስላ። በአንድ ቀበሌ 400 አባወራ አለ እንበል። እያንዳንዱ በዓመት 50 ብር ቢያወጣ 20,000 ብር ይሆናል። ይህ አዲስ ክፍል አያሠራም፤ ሚስማርና ጥቂት ቆርቆሮ ግን ይገዛል። የሌለው በጉልበቱ ይርዳ።

«ግብር ከፍለን ደግሞ መዋጮ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው እኛ ወረዳው ከሚሰበስበው ግብር ላይ ለጥገና ተብሎ በስሙ ተለይቶ ይቀመጥ የምንለው። መዋጮ በላዩ ቢጨመር እንኳ ደረሰኝ ይቆረጥለት። ሒሳቡ በትልቁ ተጽፎ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ከቻልን ወዲያ «ወጪ ሆኗል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃንም፤ ስንት ሚስማር፣ በስንት ብር፣ ማን ገዛው?

ገንዘቡ የሚሰበሰበው እህል ከተወቃ በኋላ፣ በጥር ቢሆን ይሻላል። ያኔ እጅ ላይ ትንሽ ነገር አይጠፋም። ጣሪያ ላይ መውጣትም ሰኔ ሳይገባ ነው።