ስለ ቤት አየር አያያዝ፤ በደጋና በቆላ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች

የሰው ልጅ ያለ ምግብ ብዙ ቀን፥ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ ለመቆየት አይቻለውም። ይህ ነገር የታወቀ ሲሆን፥ ለሚበላውና ለሚጠጣው ንጽሕና አጥብቆ የሚያስብ ባለቤት፥ ሌሊቱን ሙሉ ልጆቹ ስለሚተነፍሱት አየር ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ በደጋም በቆላም ለሚኖር ቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ጥቂት ነገር ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አጠገብ ስትቆረቆር፥ መኳንንቱና ሠራዊቱ ከእንጦጦ ራስ ወደ ሜዳው እንዲወርዱ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ የተራራው ብርድና ነፋስ ነበር። ከተማይቱ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ በየካ በኩል በሾላ ገበያ አካባቢ የሚኖር ሰው አየር የሚያቀዘቅዝ መኪና መግዛት አያስፈልገውም፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ያለ ዋጋ ያቀዘቅዝለታል። ነገር ግን ውጭው እንዲህ ደስ የሚል ሲሆን፥ በብዙ ቤት ውስጥ ቀን ሙቀት፥ ሌሊት ብርድ፥ በክረምትም ርጥበት ይበረታል። ይህም የሚመጣው ከአገሩ አየር ሳይሆን ከቤቱ አሠራር ነው።

የቀድሞው ጎጆ የሣር ክዳኑ ወፍራም ስለ ነበረ የፀሐይን ትኩሳት ቀን አያሳልፍም፥ የምድጃውንም ሙቀት ሌሊት አያባክንም፤ ጢሱም በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቆርቆሮ ክዳን ከመጣ ወዲህ ግን፥ ቤቶቻችን ከእሳትና ከዝናብ ቢድኑም ይህን መልካም ጠባይ አጡ። ቆርቆሮ ቀጭን ብረት ስለ ሆነ ፀሐይ ስትወጣ ፈጥኖ ይግላል፥ ስትጠልቅም ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። መድኃኒቱም ኮርኒስ ነው። ከቆርቆሮውና ከኮርኒሱ መካከል ባዶ ስፍራ ተትቶ፥ በሁለቱም የቤቱ ጫፍ ወፍ የማያስገባ ሽቦ የተወጠረበት ትንሽ የነፋስ መውጫ ቢደረግለት፥ የጋለው አየር ወደ ክፍሉ ሳይወርድ በዚያው ይወጣል። መስኮትም በአንድ ግድግዳ ብቻ ቢሆን ነፋስ ገብቶ መውጫ ያጣልና፥ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ቢኖሩ ይበልጣል። ሰፊ ግቢ ያለውም ሰው፥ ገበያው ስሙን እንደሚጋራው እንደ ሾላ ያለ ጥላው የተዘረጋ ዛፍ በምዕራብ በኩል ቢተክል የከሰዓቱን ፀሐይ ይከለክልለታል፤ ሥሩ ብርቱ ነውና ከቤቱ መሠረት ይራቅ።

በሐምሌና በነሐሴ፥ የተኛ ሰው ከትንፋሹ የሚያወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛው ግድግዳና በቆርቆሮው ላይ ውሃ ይሆናል። ከዚያም ሻጋታ ይበቅላል፥ ልብስና መጽሐፍ ይበላሻል፥ ደረታቸው ደካማ የሆነ ልጆችና ሽማግሌዎችም ይታመማሉ። ብርድ ፈርቶ መስኮቱን ቀንና ሌሊት የሚዘጋ ሰው ርጥበቱን ከራሱ ጋራ ያስረዋል። ስለዚህ ዝናቡ ባባራ ጊዜ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል መስኮቶቹን ሁሉ መክፈት፥ ርጥብ ልብስን በመኝታ ክፍል አለማስጣት፥ አልጋንና ቁም ሣጥንንም ከግድግዳ ጥቂት ማራቅ ይገባል። ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፥ የሚያፈስ ቆርቆሮ ከሰኔ በፊት ቢጠገን ወጪው ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ይህ ነው። ብርዱ ሲጠና ከሰል የተቀጣጠለበትን ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ፥ በርና መስኮት ዘግቶ፥ የበሩንም ሥር በጨርቅ ወትፎ መተኛት በከተማችን ለብዙ ሰው ሞት ምክንያት ሆኗል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ይህ መርዝ መልክም ሽታም የለውም፤ ወደ ደም በገባ ጊዜ የኦክሲጅንን ስፍራ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዛል። ብዙዎች ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ ከጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን የጠፋው የሚታየው ጢስ ነው እንጂ መርዙ አይደለም። ዕጣን ማጤስም ሽታውን ይለውጣል እንጂ መርዙን አያርቅም። ምልክቶቹ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጕልበት መክዳት ናቸው፤ በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ይሞታል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው፥ ወደ ውጭ ሲወጡም ቢሻላቸው፥ ምክንያቱ ከሰል እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባል። የታፈነውን ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል፤ ራሱን ለሳተ ሰው ውሃም ሆነ ወተት ማጠጣት አይገባም። ከሰል በደጅ ይቀጣጠል፥ ለቡና ሲገባም መስኮት ይከፈት፥ ከመኝታ በፊት ከነምድጃው ይውጣ። ለሌሊቱ ብርድ ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ ይበቃል።

ከዚህ ደጋ ተነሥተው በሹመት ወይም በሌላ ሥራ ወደ ቆላ የሚሄዱ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ችግር ያገኛቸዋል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ የወንዝ ዳር አገር ስለ ሆነ፥ ሙቀቱ ከርጥበት ጋራ ነው፤ ላብም በገላ ላይ ቶሎ አይደርቅም። በዚያ የአየር ማቀዝቀዣ መኪና፥ በተለምዶ ኤሲ የሚባለው፥ ይጠቅማል። የዛሬውን ዓይነት ማቀዝቀዣ በ1894 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1902) ያሰበው ዊሊስ ካሪየር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ያን ጊዜ ሥራው ለሰው ምቾት አልነበረም፤ በብሩክሊን በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በርጥበት እየተለዋወጠ ቀለሙ ስፍራውን ይስት ስለ ነበር ነው። ከዚህም የመኪናው ሥራ ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ማድረቅም እንደ ሆነ እንረዳለን።

መኪናው የክፍሉን አየር በፊልትሮ አሳልፎ በቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ ያነፍሳል፤ ርጥበቱ ውሃ ሆኖ በቱቦ ይወርዳል፥ ሙቀቱም ከውጭ በተተከለው ክፍል በኩል ይጣላል። ስለዚህ አቧራ በሚበዛበት ወራት ፊልትሮው በየሁለት ሳምንቱ ታጥቦ በጥላ ይድረቅ፤ የውሃው ቱቦ እንዳይደፈን ይታይ፤ ከውጭ ያለውም ክፍል በዕቃ አይከበብ። ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ቢደረግ ለጤናም ለመብራት ሒሳብም ይስማማል። ቅዝቃዜው ሲያንስ ትልቅ መኪና ለመግዛት አይቸኮል፤ አስቀድሞ ኮርኒሱና የመስኮቱ ክፍተት ይመርመር። ከክፍሉ መጠን የበለጠ መኪና ፈጥኖ አቀዝቅዞ ስለሚቆም፥ ርጥበቱን ሳያደርቅ ይቀራልና።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ቀርቷል። በቤት የሚተከለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የክፍሉን አየር እየመላለሰ ያቀዘቅዛል እንጂ አዲስ አየር ከውጭ አያስገባም። ስለዚህ ክፍሉ ተዘግቶ መኪናው ሲሠራ ቡና ለማፍላት ከሰል ማስገባት፥ በሾላ የክረምት ሌሊት ምድጃ ይዞ ከመተኛት የማይለይ አደጋ ነው። በደጋም ሆነ በቆላ ሕጉ አንድ ነው፤ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ሳይታወቅ ቤት አይዘጋ። ማታ በሩን የምትቈልፉ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ከቍልፉ አስቀድማችሁ ምድጃው ከቤት መውጣቱን ተመልከቱ።