ሚስትን ከወራሽ ያልቆጠረ ሕግ

ድሬዳዋ ውስጥ ባሏ የሞተባት ሴት ወራሽ መሆን አለመሆኗ የሚለየው ጉዳይዋ በሚታይበት ፍርድ ቤት ነው። ሟች ሙስሊም ከሆነና ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ያየዋል፤ ልጅ ካለ ከስምንት እጅ አንዱ፣ ልጅ ከሌለ ሩቡ ይደርሳታል። መደበኛው ፍርድ ቤት ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሠራል። ይህ ሕግ በቅድሚያ ልጆችን፣ እነሱ ከሌሉ ወላጆችን፣ እያለ እስከ አራተኛ ደረጃ ዘመድ ድረስ ያወርሳል። ባልም ሚስትም በተራው ውስጥ የሉም። ዘመድ ከጠፋ እንኳ ንብረቱ ለመንግሥት ይገባል።

ሚስት ከጋራ ሀብት ግማሹን መውሰዷ እውነት ነው። እሱ ግን ድሮም የራሷ ነው፤ ውርስ አይባልም። ባል ሳያገባ በድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር የሠራው ቤት ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለው ለእናት ለአባቱ ያልፋል። ዕድሜ ልኳን አብራው ኖራ ያስታመመችው ሴት ባሏ ካልተናዘዘላት ከዚያ ቤት ምንም አታገኝም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲሻሻል የውርሱ ክፍል እንዳለ መተዉ ያሳዝነኛል።

ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የኖሩትማ ያፈሩት ሀብት የጋራ እንዲሆን ኑሯቸው ሦስት ዓመት መሙላት አለበት። ይህም ለወንድና ለሴት ብቻ ነው። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ስለሆነ እንዲህ ያሉ ጥንዶች በዚህ በኩል የሚጠይቁት መብት የለም። አሜሪካዊቷ ኤዲት ዊንዘር የትዳር አጋሯ ስትሞት ጋብቻቸውን የፌዴራሉ መንግሥት ስላላወቀው 363,053 ዶላር የውርስ ግብር ተጠየቀች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈረደላት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እኛ ዘንድ ራሱን የቻለ የውርስ ግብር የለም። የሚጎዳው የዝምድናው ተራ ነው።

ሕጉ እስኪሻሻል ያለው መንገድ ኑዛዜ ነው፤ ዘመድ ላልሆነ ሰውም መናዘዝ ይቻላል። ጤነኛ ሰው ስለ ኑዛዜ ካነሳ «አታሟርት» ይባላል፤ ይህ ዝምታ ስንቱን ከቤቱ አስወጥቷል! በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ሁሉም ወዲያው ሊፈርሙበት ይገባል። ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ካለበት ሁለት ምስክር ይበቃል። ተናዛዡ ብቻውን በእጁ የጻፈው ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ ለውልና ማስረጃ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ዋጋ ያጣል።