የስኳር በሽታ ያለበት ተማሪና አስተማሪው

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንገልጸው የምንፈልገው፣ የስኳር በሽታ ያለበት ልጅ በክፍል ውስጥ ሲታመም አስተማሪው ሊያደርገው የሚገባውን ነው። የበሽታው ስም ራሱ ሰውን ያሳስታል። «የስኳር በሽታ» ሲባል ስኳር ለልጁ መርዝ ይመስለናል፤ ስለዚህ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ የሚያድነውን ነገር እንከለክለዋለን።

በልጆች ላይ አዘውትሮ የሚታየው ዓይነት የሚመጣው፣ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ማመንጨት ሲያቆም ነው። ያለ ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለሰውነት ኃይል ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1922 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ መድኃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ እስኪሰጥ ድረስ፣ በዚህ ዓይነት በሽታ የተያዘ ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር። ዛሬ መርፌውን በየቀኑ የሚወስድ ልጅ እንደ ጓደኞቹ ይማራል፤ ይጫወታልም።

ነገር ግን መርፌው አንዴ ከተወጋ በኋላ ልጁ በላም አልበላም ሥራውን አያቋርጥም። ጧት ተወግቶ፣ ቁርሱን ሳይጨርስ፣ አንድ ሰዓት በእግሩ ተጕዞ የመጣ ልጅ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። የአንጎል ዋና ምግብ ስኳር ነውና ያን ጊዜ ልጁ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ይመልሳል፤ አንዳንዱም ያለ ምክንያት ይቆጣል። አስተማሪ ይህን እንደ ድፍረት ቈጥሮ «ተንበርከክ» ሲል እኛም አይተናል። የወደቀ እንደ ሆነ ደግሞ ክብሪት ጭሮ የሚያሸትተው አይታጣም።

ልጁ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው ማጠጣት ነው። 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለው ይድገሙለት፤ ሲሻለው ዳቦ ወይም እንጀራ ይብላ። ብቻውን ወደ ቤት መስደድ አይገባም፤ በመንገድ ሊወድቅ ይችላልና። ራሱን ከሳተ ግን ትን እንዳይለው በአፉ ምንም ሳይሰጡ፣ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

ስኳሩ ሲበዛ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ውሃ ይጠማዋል፣ ለሽንትም ደጋግሞ ይወጣል። ይህ ልጅ ፈቃድ አይከልከል። የሚያስመልሰውና ትንፋሹ የሚፈጥን ከሆነ ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አንዳንድ ወላጆች ወሬው እንዳይሰማ ብለው፣ ይልቁንም ልጃቸው ሴት ስትሆን፣ ሕመሙን ይሰውራሉ። ስለዚህ አስተማሪው በምዝገባ ጊዜ ለብቻቸው ጠርቶ መርፌው በስንት ሰዓት እንደሚወጋ ቢጠይቃቸው፣ በመሳቢያውም ጥቂት ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ቢያስቀምጥ መልካም ነው። የስፖርቱ አስተማሪም ይህንኑ ይወቅ፤ ሩጫ ስኳርን ያወርዳልና።