መስቀል ያለበት የሙስሊም ገዢዎች ሳንቲም

ስለ እስልምና አጀማመር በሚደረጉ ክርክሮች አንዳንድ ወገኖች እንደ ትልቅ ማስረጃ የሚያቀርቡት ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ገዢዎች ዘመን በሶርያ በተሠሩ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ መስቀል ይታያል። «ስለዚህ ገዢዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ» ይላሉ። ግን እውነት እንዲህ ነውን?

የዓረብ ሠራዊት ሶርያንና ፍልስጤምን ከቢዛንታይን (ከምሥራቅ ሮም) መንግሥት የወሰደው እ.ኤ.አ. ከ634 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ነው። የአገሩ ሕዝብ በአብዛኛው ክርስቲያን ሲሆን፣ በገበያ የሚገበያይበትም «ፎሊስ» በተባለው የቢዛንታይን መዳብ ነበር። በአንዱ ገጽ መስቀል የያዘ ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ደግሞ የ40 ቁጥር ምልክት የሆነው «ሙ» የተባለው የግሪክ ፊደል አለበት። አዲሶቹ ገዢዎች ይህንኑ መልክ እንዳለ ቀዱት። በደማስቆ ሳንቲም ላይ የከተማይቱ ስም በግሪክና በዓረብኛ ተጻፈ። በሆምስ ሳንቲም ላይም «መልካም» የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋዎች ተቀረጸ። «ፈልስ» የሚለው የዓረብኛ ስም ራሱ የመጣው ከ«ፎሊስ» ነው።

መስቀሉን ለምን ተዉት? ሕዝቡ የሚያምነው የለመደውን ገንዘብ ስለ ነበር ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የሶርያ ክርስቲያኖች ዜና መዋዕል፣ ሙዓዊያ ያሠራውን ወርቅና ብር ሕዝቡ መስቀል የለበትም ብሎ እንዳልተቀበለው ይናገራል።

ነገሩ የተለወጠው በከሊፋ አብዱልመሊክ ዘመን (685-705) ነው። በ690ዎቹ በንጉሠ ነገሥቱ ፈንታ እጁን በሰይፉ ላይ ያደረገ ከሊፋ ተቀረጸ። በጀርባው የነበረው መስቀል ክንዶቹ ተወስደው በደረጃ ላይ የቆመ ምሰሶ ብቻ ቀረ። በ697 ገደማ ደግሞ ሥዕሉ ሁሉ ጠፍቶ፣ እግዚአብሔር አልወለደም የሚል የዓረብኛ ጽሑፍ በወርቁ ላይ ወጣ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ መስቀሉ በሳንቲሙ ላይ የቆየው ለገበያ እንጂ ለእምነት አልነበረም። ሳንቲሙ የማይናገረውን እንዲናገር ማስገደድ አይገባንም። ታሪኩን የሚያውቅ ሙስሊም ጎረቤታችን በዚህ ነገር ስንሳሳት ካየን፣ ስለ ጌታችን ሞትና ትንሣኤ የምንነግረውንም ይጠራጠራል። ወንጌል በሐሰት ማስረጃ መደገፍ አያስፈልገውም።

ሌላም ትምህርት አለ። ጌታ ኢየሱስ ዲናሩን አሳዩኝ ብሎ መልኩ የማን እንደ ሆነ በጠየቀ ጊዜ (ማቴ. 22፥19-21) የቄሣርን ለቄሣር፣ የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር ለይቶ ነበር። ገዢ ያስቀረጸውን መስቀል ገዢ ያነሣዋል። ቤተሰቡ በከሊፋዎቹ የግብር አስተዳደር ያገለገለው ዮሐንስ ዘደማስቆ ስለ ክርስቶስ አምላክነት የጻፈው መስቀሉ ከገንዘቡ ላይ ከተነሣ በኋላ ነው። እምነቱ በሳንቲም ላይ አልተመሠረተምና። የእኛስ በምን ላይ ተመሥርቷል?