የፎክስፕሮ መዛግብት ፍልሰት

በቪዥዋል ፎክስፕሮ የተሠሩ የሒሳብ፣ የደመወዝና የንብረት ፕሮግራሞች፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ከዘጠነኛው እትም በኋላ ሌላ እንደማይወጣ ካስታወቀና በ2015 የመጨረሻውን ድጋፍ ካቋረጠ በኋላ እንኳ፣ በልዩ ልዩ አገሮች መሥሪያ ቤቶች ውስጥ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። ለዚህም ምክንያቱ የመሣሪያው ብርታት ነው፤ በኦሃዮ የነበረው ፎክስ ሶፍትዌር የፈጠረውና ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ1992 ሲገዛ የወረሰው ፎክስፕሮ፣ ራሽሞር በተባለው የፍለጋ ጥበቡ፣ በዚያ ዘመን ደካማ ኮምፒዩተሮች ላይ እንኳ እልፍ አእላፍ መዛግብትን በቅጽበት መርምሮ ያወጣ ነበር። ነገር ግን አንዱ ሠንጠረዥ ከ2 ጊጋባይት በላይ ሊያድግ ስለማይችል፣ ፕሮግራሙም በ32 ቢት የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨርና ወደ ዶትኔት መፍለስ ግድ ሆኗል።

ብዙዎች የሚፈሩት የትእዛዛቱን መስመሮች ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለሱን ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ይልቅ በመረጃው ውስጥ የተሰወረውን የአሮጌውን መሣሪያ ልማድ አብልጬ እፈራለሁ።

ፎክስፕሮ ሠንጠረዡን የሚያስቀምጥበት አንድ የዲቢኤፍ ፋይል ተከፍቶ ቢመረመር፣ በእያንዳንዱ መዝገብ ራስ ላይ የአንድ ፊደል ስፍራ ይገኛል፤ ስፍራው ባዶ ከሆነ መዝገቡ ሕያው ነው፤ የኮከብ ምልክት ካለበት ግን ተሰርዟል። የተሰረዘው ሠራተኛ ስሙም ደመወዙም፣ ፓክ የተባለው ትእዛዝ እስኪያጠፋው ድረስ፣ ከነሙሉ ዝርዝሩ በፋይሉ ውስጥ ይኖራል፤ ፕሮግራሙ ከዓይን ስለሚሰውረው ብቻ አይታይም። እንግዲህ መረጃውን የሚያሸጋግረው ሰው ኮከቡን ሳያስተውል ቢቀር፣ ከብዙ ዓመት በፊት የተሰናበቱት ሁሉ ተነሥተው በአዲሱ የደመወዝ ዝርዝር ላይ ይሰለፋሉ።

የባዶው ቀን ምሥጢር ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። ፎክስፕሮ ያልተሞላ ቀንን ባዶውን ሲይዝ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን ወይ እውነተኛ ቀን ወይም ነል (ዋጋ የለሽ) ካልሆነ አይቀበልም፤ ስለዚህ ያለ ጥንቃቄ በሚደረግ ቅጂ ባዶው ስፍራ ብዙ ጊዜ ወደ ዲሴምበር 30 ቀን 1899 ይለወጣል፤ ይኸውም በአንድ የማይክሮሶፍት የቀን አቆጣጠር ዜሮ የሚባለው ዕለት ነው። የስንብት ቀኑ ባዶ የነበረው፣ ማለትም ገና በሥራ ላይ ያለው ሠራተኛ፣ ሳይወለድ የተሰናበተ ሆኖ ይገኛል።

በአማርኛ የተጻፈ ስም ሲኖር ድካሙ ይጨምራል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ስሞቻችን የሚቀመጡት በላቲን ፊደላት ቁጥር ነበር፤ ፊደላችንን በመስኮቱ ላይ የሚያሳየውም ፎንቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፎንት የራሱ የመለወጫ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የአንድ ወር ደመወዝ በአሮጌውም በአዲሱም ተሠርቶ፣ ድምሩ እስከ ሳንቲሙ ይመሳከራል፤ ልዩነት የተገኘበት መዝገብም ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ አንድ በአንድ ይመረመራል፤ አሮጌውም ፋይል የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ተደርጎ ይቀመጣል።