እምቢ ያለ ሽበትና የቤት ውስጥ ቀለም፦ ሳይቀቡ በፊት መታወቅ ያለባቸው ነጥቦች

የሠርግና የበዓል ሰሞን ሲቃረብ ሽበታቸውን በቤታቸው የሚያጠቁሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጀሞ እስከ ጎፋና መካኒሳ ባሉ ሠፈሮችም ቀለም ገዝቶ፣ ከጎረቤት ጋር ተረዳድቶ መቀባት የተለመደ ነው። አብዛኛው ፀጉር በቀላሉ ይጠቁራል። በግንባር ዳርና በጆሮ ግንድ አካባቢ የሚገኘው ሽበት ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙን አልቀበልም ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ቀለሙን ማክበድ ወይም ሰዓቱን ማራዘም መፍትሔ ይመስላቸዋል። ጉዳት የሚከተለውም ከዚህ ነው።

ሽበት የሚመጣው በፀጉር ሥር የሚገኙት ሕዋሳት ሜላኒን የተባለውን ቀለም ማምረት ሲያቆሙ ነው። የእያንዳንዱ ፀጉር ውጫዊ ክፍል እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ስስ ሽፋኖች የተሸፈነ ሲሆን፣ ሻካራና ወፍራም የሆነ ሽበት ላይ ይህ ሽፋን ቀለም በቀላሉ አያሳልፍም። በውስጡም አዲሱን ቀለም የሚያግዝ የቀድሞ ቀለም የለም። ቋሚ የሚባለው ቀለም በአሞኒያ ወይም በተመሳሳይ ንጥረ ነገር ሽፋኑን ይከፍታል፤ ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶም በፀጉሩ ውስጥ ይጠቁራል። ይህ ደግሞ ጊዜ ይጠይቃል። ያልታረሰ መሬት ላይ ዘር ማብዛት ምርት እንደማያበዛ ሁሉ፣ ባልተዘጋጀ ፀጉር ላይም ቀለም መደራረብ አይጠቅምም።

የመጀመሪያው ዝግጅት ፀጉርን ከቅቤና ከቅባት ማጽዳት ነው። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ቀለምን ይገፋል። ስለዚህ ሽሩባው ተፈቶ፣ ፀጉሩ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት በሚገባ ታጥቦ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ሳይቀባ መቆየት አለበት። በቀለሙ ዕለት ማጠብና ማከክ ግን የራስ ቆዳን ስለሚያስቆጣ አይመከርም። ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል የተጠቀመ ሰው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይታገሥ።

ሁለተኛው የቀለም ምርጫ ነው። ቀይ ወይም ደማቅ ቀለም ብቻውን ሽበትን አይሸፍንም፤ ተፈጥሯዊ ጥቁር ወይም ቡናማ ያስፈልጋል። ለሽበት የተለመደው የፐርኦክሳይድ መጠን 6 በመቶ ነው። ወደ 9 ወይም 12 በመቶ ከፍ ማድረግ ፀጉሩን ይበልጥ ያነጣዋል እንጂ ሽፋኑን አያሻሽልም።

ሦስተኛው ቅደም ተከተል ነው። ቀለሙ መጀመሪያ እምቢተኛው ሽበት ባለበት ቦታ በደረቅ ፀጉር ላይ በብዛት ይቀባል፤ ሌላው ክፍል በኋላ ይደርሳል። የማቆያ ሰዓቱ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ነው፤ ለሽበት እስከ 45 ደቂቃ የሚፈቅዱም አሉ። ቶሎ ማጠብ ሽበቱን ሳይሸፈን ያስቀረዋል፤ ከተጻፈው በላይ ማቆየትም ቆዳን ያቃጥላል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሠፈሮች ደግሞ ቀለሙ ከመበጥበጡ በፊት ጄሪካኖች መሞላታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቀለም ተቀብቶ ውኃ መጠበቅ አደገኛ ነው። እጅን በጓንት መሸፈን፣ የግንባርን ዳር ቫዝሊን መቀባት፣ ከብረት ዕቃ ይልቅ የፕላስቲክ ሳህን መጠቀምና መስኮት መክፈትም ተገቢ ነው። የፀጉር ቀለምን በቅንድብና በሽፋሽፍት ላይ ፈጽሞ መቀባት አይገባም፤ ዓይንን ሊያሳውር ይችላል።

ከሁሉም በላይ መዘለል የሌለበት የ48 ሰዓት ሙከራ ነው። ጥቂት ቀለም ከጆሮ ጀርባ ወይም በክርን መታጠፊያ ላይ ተቀብቶ ሁለት ቀን ይጠበቃል። ማሳከክ፣ መቅላት ወይም እብጠት ከታየ ያ ቀለም ለዚያ ሰው አይሆንም። ዋናው ተጠያቂ በአብዛኞቹ ጥቁር ቀለሞች ውስጥ የሚገኘው ፓራፌኒሊንዳያሚን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህ ኬሚካል በራስ ላይ በሚቀባው ድብልቅ ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቆጣበት ቁጣው አብሮ ይኖራል፤ ዓመታትን በሰላም የተቀባ ሰውም ድንገት ሊታመም ይችላል።

ከኬሚካል ለመሸሽ ወደ ሂና የሚዞሩም አሉ። በደጋ እንሶስላ፣ በወሎ ቆላ፣ በአፋርና በሐረር ሂና የእጅና የእግር ጌጥ ሆነው ኖረዋል። ንጹሕ የሂና ቅጠል ግን ነጭ ፀጉርን ብርቱካንማ ወይም ቀይ ያደርጋል እንጂ አያጠቁርም፤ ሰዓታትም ይፈልጋል። ስለዚህ “ጥቁር ሂና” እየተባለ በደቂቃዎች የሚያጠቁር ዱቄት ሲሸጥ ፓራፌኒሊንዳያሚን ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። በጎረቤት ሱዳን ይህ ኬሚካል በተለይ በአፍ ሲገባ ጉሮሮን እንደሚያሳብጥና ኩላሊትን እንደሚጎዳ ሐኪሞች መዝግበዋል። ከሕፃናት እጅ መራቅ አለበት።

በኢትዮጵያ የመዋቢያ ምርቶችን የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ገዢም የአምራቹ ስም፣ የይዘት ዝርዝርና የማብቂያ ቀን የሌለበትን፣ በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ ዱቄት ባይገዛ ይመረጣል።

ቀለም ከተቀቡ በኋላ ቆዳ ቢያቃጥል ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ፊትና የዓይን ቆብ ቢያብጥ ወይም መተንፈስ ቢያስቸግር ማሸጊያውን ይዞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ሽበቱ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይታያል። በዚያን ጊዜ አዲስ የበቀለውን ሥር ብቻ መቀባት ይበቃል። ለሠርጉ የሚቀባ ሰውም ሙከራውን ቢያንስ ከሦስት ቀን አስቀድሞ ቢጀምር፣ በድግሱ ዕለት ፊቱ አብጦ ከመቅረት ይድናል።