ከፊት የሚሰማ ድምፅ፦ ኬሊ ጋላገርና የሁለት ሰዎች ውድድር

ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ



እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2014 በሩሲያዋ ሶቺ በተካሄደው የክረምት ፓራሊምፒክ፣ ኬሊ ጋላገር የተባለች የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ ማየት ለተሳናቸው ሴቶች በተዘጋጀው የሱፐር ጂ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር አንደኛ ወጣች። የክረምት ፓራሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊድን ከተጀመረ ወዲህ ብሪታንያ ያገኘችው የመጀመሪያ ወርቅ ይህ ነበር። ዜናው በዚሁ አበቃ። እኔ ዛሬ ላነሣ የምሻው ግን ዜናው ዘልሎት ያለፈውን ነገር ነው፦ ወርቅ ያጠለቁት ሁለት ሴቶች ሆነው ሳለ፣ ያሸነፈችው ማን ናት?

አስቀድመን ስለ ዓይኗ እንነጋገር። ጋላገር የተወለደችው ከአልቢኒዝም ጋር ነው። ብዙዎቻችን አለማየትን ከጨለማ ጋር እናዛምደዋለን፤ በእርሷ ዘንድ ግን የሚያስቸግረው የብርሃን ብዛት ነው። ሜላኒን የተባለው ቀለም የሚያገለግለው ለቆዳና ለጠጉር ብቻ አይደለም፤ የዓይን ብሌን ዙሪያ የሆነው ባለ ቀለም ክፍል ትርፍ ብርሃንን የሚከለክለው በእርሱ ነው። ሜላኒን ሲያንስ ብርሃን ሳይጣራ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚህ ላይ፣ ጥርት አድርገን የምናይበት የሬቲና ማእከል በፅንስ ጊዜ በሚገባ ሳይዳብር ይቀራል፤ ዓይን ያለ ፈቃድ ይንቀጠቀጣል፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት ነርቮች ከተለመደው በተለየ መንገድ ስለሚሻገሩም ጥልቀትን መገመት ያዳግታል። መነጽር ይህን ሙሉ በሙሉ አያቃናውም።

እንዲህ ያለ ዓይን ይዞ በረዶ ላይ መውጣትን አስቡት። እኛ በረዶ ስንል ከዝናብ ጋር ወርዶ ሰብል የሚያጠፋውን ጠጠር ነው። በአልፕስ ተራሮች የሚነጠፈው ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነው፤ አዲስ ሲሆን ካረፈበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን መልሶ ያንጸባርቃል። ነጭ በነጭ ላይ ተደርቦ ጉብታውና ጉድጓዱ አንድ መልክ ይይዛሉ።

ጋላገር በሸርተቴ መንሸራተት የጀመረችው በ17 ዓመቷ፣ ለዕረፍት ወደ አንዶራ በሄደችበት ጊዜ ነው፤ ለዚህ ስፖርት ዘግይቶ መጀመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በቫንኩቨር ከመሪዋ ከክሌር ሮብ ጋር ተወዳድራ በጃይንት ስላሎም አራተኛ፣ በስላሎም ስድስተኛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሻርሎት ኢቫንስ መሪዋ ሆነች።

የመሪነት ሥራው እንዲህ ነው። ኢቫንስ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ ጥቂት ሜትሮች ቀድማ ትወርዳለች፤ በሁለቱም የራስ ቁር ውስጥ የሬዲዮ መነጋገሪያ አለ። ጋላገር የምትከተለው ያቺን የምትንቀሳቀስ ብርቱካናማ ነጥብና ድምፁን ነው። በአገራችን ይህን የሚመስል እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ያሸነፈችው አትሌታችን ያየሽ ጌቴ የሮጠችው ከመሪዋ ጋር በገመድ ተያይዛ ነበር። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። በሩጫ መሪው ከጎን ይሆናል፤ ከአትሌቱ ቀድሞ መስመሩን ማለፍም አይፈቀድለትም። በተራራው ላይ መሪዋ የግድ ከፊት ናት፤ በመካከላቸው ያለውም አየር ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የጊዜው ስሌት ይመስለኛል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዲት አጭር ትእዛዝ ተነግራ እስክታልቅ ግማሽ ሰከንድ ብትወስድ፣ ሰሚዋ 11 ሜትር አልፋለች። ስለዚህ ኢቫንስ ራሷ አሁን ስላለችበት ቦታ ብትናገር አንዳንዴ ይዘገያል፤ የምትናገረው ገና ስላልተደረሰበት ነው። በዚያው ቅጽበት የራሷን ሸርተቴ ትመራለች፣ ወደ ኋላ ትገላመጣለች፣ ርቀቱ ሰፍቶ እንደሆነ ትመዝናለች። ጋላገርም ዝም አትልም፤ ድምፅዋ የመሪዋን ፍጥነት ያስተካክላል። በሱፐር ጂ ደግሞ እንደ ዳውንሂል ያለ የልምምድ ቁልቁለት የለም። ተወዳዳሪዎች መስመሩን በጠዋት ቀስ ብለው ይመረምሩታል፤ በሙሉ ፍጥነት የሚወርዱበት ግን አንድ ጊዜ፣ ያውም በውድድሩ ነው።

“የምትታጠፍበትን ሌላ ሰው እየነገራት ምኑን አሸነፈች?” የሚሉ አሉ። ይህን አባባል በየትምህርት ቤቱም እንሰማዋለን፤ ፈተና ላይ አንባቢ የተመደበለት ተማሪ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ “የአንባቢው ነው” የሚል ሹክሹክታ ይከተለዋል። እኔ አልቀበለውም። ድምፅ ጉልበት አያጥፍም፤ በሸርተቴው ጠርዝ ላይ የሚቆም የሰውነት ሚዛንም አይሰጥም። ቃሉ ከተሰማ በኋላ፣ በውል ወደማይታይ ቦታ ፍጥነት ሳይቀንሱ መታጠፍ የጋላገር ብቻ ሥራ ነው። በአንጻሩ የኢቫንስን ድርሻ “እርዳታ” ብሎ ማለፍም ያሳንሰዋል፤ በእኔ አስተያየት ውድድሩ የሁለት ሙያዎች ነው። ለመሪዋም ሜዳሊያ የሚሰጠው ሥርዓት ይህን በትክክል ተረድቶታል።

ስለ ነጥብ አሰጣጡ አንድ ነገር ላክል። ተወዳዳሪዎቹ እንደ የማየት አቅማቸው በምድብ ይለያሉ፤ የእያንዳንዷ ሰዓት ለምድቧ በተወሰነ ስሌት ተባዝቶ ይወዳደራል። በሰሌዳው ላይ የሚታየው የተስተካከለ ሰዓት ነው።

በሶቺ ከሱፐር ጂው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ በመክፈቻው ዳውንሂል፣ ጋላገርና ኢቫንስ ስድስተኛና የመጨረሻ ነበሩ። በዚያ ውድድር ብር ያገኘችው የቡድን ጓደኛቸው ጄድ ኤተሪንግተን ነበረች። እንዲህ ያለ ቀን በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን መተማመን ይፈትናል፤ “ጥፋቱ ከድምፁ ነው ወይስ ከሰሚዋ?” የሚለው ጥያቄ ለመመለስ አይመችምና። በሦስተኛው ቀን ግን በ1 ደቂቃ ከ28.72 ሰከንድ ወረዱ። ሩሲያዊቷን አሌክሳንድራ ፍራንትሴቫን የቀደሙት በ0.22 ሰከንድ ነው፤ አንዲት ቃል ለመጥራት የማይበቃ ጊዜ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ እንዲህ አያምርም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጋላገር በውድድር ላይ ክፉኛ ወድቃ የጎድን አጥንቶቿ ተሰበሩ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ፒዮንግቻንግ ስትሄድ መሪዋ ጋሪ ስሚዝ ነበር። ሜዳሊያ አላገኘችም። እኔን የሚገርመኝ ግን መሄዷ ነው፤ ከወደቀ አካል ጋር፣ በሌላ ሰው ድምፅ፣ “ታጠፊ” ሲባል መታጠፍን እንደ አዲስ መልመድ ነበረባት።